የደምለው ጆሮና የየኔታ ዕዝል

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ፣ ከአንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል ደምለው የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። አርባ ዓመት የሞላው፣ ቀጠን ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። በካህናት ካባ እጁ የተመሰገነ ቢሆንም ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየርም አይንቅም። ደንበኞቹ በዚያ ዓመት አንድ ነገር አስተዋሉበት። ሰው እያናገረው እንኳ ቀኝ እጁ ከጨርቁ ላይ ሹልክ ብላ ወደ ጆሮው ትሄዳለች። የወደቀችውን የስልክ ማዳመጫ አንስቶ ይጠቀጥቃታል። ጥቂት ሰፋ ሲያደርግ ደግሞ ትወድቃለች፤ ደግሞ ይጠቀጥቃታል።

"ኳስ ነው ወይስ ዜና?" ይሉታል።

"እንዲያው ነው" ይላል።

እንዲያው አልነበረም። የሚያዳምጠው የኔታ ኃይለ ሚካኤልን ነው።

የኔታ ኃይለ ሚካኤል ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ በሚገኝ ጉባኤ ቤት ድጓ የሚያስተምሩ የዜማ መምህር ናቸው። ደምለው በልጅነቱ ከአባቱ ቤት ወጥቶ እርሳቸው እግር ሥር ያደገ ተማሪ ነበር። ድምፀ መልካም ነው ይባልለት ነበር። ግዕዝ የሚባለውን ዜማ ይዞ፣ ወፍራሙንና ዝግ ያለውን የዕዝል ዜማ ጀምሮ ሳለ፣ በአንድ ክፉ ክረምት የተማሪ ጎጆው ክዳን አፈሰሰ። እርጥብ ላይ ሲተኛ ሰነበተና ትኩሳት ጣለው። ትኩሳቱ ሲለቀው ጆሮዎቹ ይመግሉ ጀመር። ቅጠል ተጨመቀለት፣ ጠበል ተጠመቀ፣ ሐኪም ቤትም ሄደ። መግሉ ደረቀ፤ መስማቱም አብሮ ደረቀ። ጨርሶ አልደነቆረም። ፉጨት ይሰማል፣ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፣ የወፍ ጫጫታ ይሰማል። የማይሰማው ወፍራሙን፣ ከሥር የሚመጣውን ነው። የየኔታ ዕዝል ደግሞ የሚኖረው እዚያ ሥር ነው።

ዜማ የሚያዘው በጆሮ ነው። መምህሩ ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል። ደምለው ሲቀበል መውረጃው ላይ ይስታል፤ የኔታ ይመልሱታል፤ ደግሞ ይስታል። መጀመሪያ ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር። በኋላ በኋላ የእርሱ ተራ ሲደርስ አንገታቸውን ደፍተው መጽሐፋቸውን ማየት ጀመሩ። ልቡን የቆረጠው ይኸኛው ነው፤ ሳቃቸውስ ባልከፋ። አንድ ቀን የኔታ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡትና ሻል ወዳለው ወደ ግራ ጆሮው ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ማባረሬ አይደለም። ጆሮህ እስኪድን ከእናትህ ቤት አረፍ በል። ሲድን ትመለሳለህ" አሉት። መርቀው ሰደዱት።

ጆሮው አልዳነም። ደብረ ማርቆስ ከአጎቱ ዘንድ ገብቶ ስፌት ተማረ። ጥሩብርሃን የምትባል ቆንጆና ቀልደኛ ልጅ አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ። ኑሮው ክፉ አልነበረም። ማኅሌት በተቆመ ቁጥር ግን ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጥግ ቆሞ ያዳምጣል። ሊቃውንቱ ዜማውን ከፍ ሲያደርጉት አብሯቸው ይወጣል። ዝቅ ሲያደርጉት፣ ጣራ ላይ ወጥቶ መሰላሉን እንደ ወሰዱበት ሰው፣ ብቻውን ከላይ ይቀራል። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አንድ ቀን ይስማው መጣ። ይስማው ያኔ ከደምለው ጋር አንድ ጎጆ የኖረ፣ አንድ አኩፋዳ ለምኖ የበላ ጓደኛው ነው፤ አሁን መሪጌታ ሆኗል። ካባ ሊያሰፋ መጥቶ፣ ሲለካ ቆሞ ሳለ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

"የየኔታን ድምፅ ቀድቼዋለሁ። ልላክልህ?"

"ምኑን?"

"ዕዝሉን። አንተ የቀረህበትን።"

ደምለው መለኪያውን ከይስማው ትከሻ ላይ ሳያወርድ ቆመ። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን የመኪናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸውና ድምፁ ከአንዱ ወደ አንዱ እስኪያልፍ፣ የሚፈላ ወተት እንደሚጠብቅ ሰው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁ።

ከዚያ ወዲህ ነው ደምለው ከማዳመጫዋ ጋር ግብግብ የያዘው። ማዳመጫዋ ከስልኩ ጋር የመጣች ናት። ቀኝ ጆሮው ከሕመሙ ወዲህ ቀዳዳው ጠቦ ስለ ነበር ጫፏ ላይ ያለችው ጎማ አትገባለትም፤ ግራው ሰፊ ስለ ሆነ ትወድቃለች። ጥጥ ጠቀለለባት። ክር ጠመጠመባት። በሻሽ ቁራጭ ጆሮው ላይ አሰራት፣ ሰውም "ጥርሱን አመመው" አለ። የየኔታ ድምፅ ይመጣል፣ ሲመጣ ግን ጣሳ ውስጥ እንደ ገባች ትንኝ ነው። በጣቱ ጫን አድርጎ ሲይዛት ብቻ ከሥር አንድ ነገር ያልፋል፤ ከግድግዳ ማዶ እንደሚራመድ በሬ፣ መኖሩ ይታወቃል እንጂ መልኩ አይታይም። እጁ ጆሮው ላይ ከሆነ ደግሞ ማን ይስፋለት?

ከበረንዳው ቀጥሎ ካለችው ክፍል ስልክ የምትጠግን የኔአለም የምትባል ወጣት ነበረች። ሥራዋን የምትወድ፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። ደምለው ሲመርረው ማዳመጫዋን ይዞ ገባ።

"ሌላ ስጪኝ የኔአለም። ይህቺ ሞታለች።"

የኔአለም ጠራርጋ ራሷ ጆሮ ላይ አደረገቻትና አዳመጠች። "ኧረ ጤነኛ ናት፣ ጋሼ። አባ እኮ ጥርት ብለው ይሰማሉ።"

"ወፍራሙ ይሰማሻል? ሲወርዱ?"

"ይሰማኛል። ሁሉም ይሰማኛል።"

ደምለው ቀናባት። ዜማ ምን እንደ ሆነ የማታውቅ ልጅ፣ እርሱ ከሃያ ዓመት በላይ የተመኘውን፣ ማስቲካ እያኘከች ሰማችው።

"እስኪ ጆሮዎን አሳዩኝ" አለች።

አፈረ። ቢሆንም ጎንበስ አለላት። በስልኳ መብራት አንዱን አየች፣ ዞራ ሌላውን አየች።

"ጋሼ፣ ሁለቱ ጆሮዎችዎ የአንድ ሰው አይመስሉም እኮ! ይኸኛው ጠባብ፣ ያኛው ሰፊ። እርስዎ ለሁለቱም አንድ ልክ ጎማ አጥልቀውላቸዋል። አንድ እግሩ ወፍራም ለሆነ ሰው ሱሪ ሲሰፉ እንዲህ ያደርጋሉ?"

"ጎማዋ ምን ታደርጋለች? ድምፁ የሚመጣው ከሽቦው አይደለም?"

"በሩ ገርበብ ብሎ እሳት ቢያነዱ ቤቱ ይሞቃል? ክፍተት ካለ ወፍራሙ ድምፅ ነው ቀድሞ የሚያመልጠው። ለእርስዎ የሚቀርልዎት ያ ሲጥ ሲጥ የሚለው ነው።"

ከጠረጴዛዋ ሥር የከረሜላ ጣሳ አወጣችና ገለበጠችው። ከተበላሹ ማዳመጫዎች ያወለቀቻቸው፣ ከመርካቶም በላስቲክ ያስመጣቻቸው ትንንሽ ጎማዎች ፈሰሱ፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ እንደ እንጉዳይ ቆብ የተደፉ፣ ቆብ ላይ ቆብ የደረቡ። አንዷን ስትሞክር ታመዋለች፣ ሌላዋን ስትሞክር ትሾልካለች። ደምለው ልብስ ለክቶ አይጠግብም የሚባል ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ተለካ። በመጨረሻ ለቀኙ ከሁሉ ያነሰችዋን፣ የልጅ ጣት ጫፍ የምታህል ጎማ አገኘችለት። ለግራው ስፖንጅ መረጠች።

"ይቺን በጣትዎ ጨፍልቀው ያቅጥኗት። አዎ። አሁን በሌላ እጅዎ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ። ያስገቧት። እንዳይለቁ፣ ውስጥ ገብታ እስክታብጥ ይያዟት።"

ስፖንጁ ቀስ እያለ አበጠ። የባጃጁ ጩኸት፣ የመናኸሪያው ጥሪ፣ የማዶው ሙዚቃ ቤት፣ አንድ በአንድ እየራቁ ሄዱ። ደምለው ደነገጠ። ጭራሹን ደነቆርኩ ብሎ እጁን ሊያነሣ ሲል የኔአለም ስልኩን ነካችው።

መጀመሪያ የሰማው ትንፋሽ ነው። የኔታ ሊጀምሩ ሲሉ አየር ሲስቡ። ቀጥሎ የተቀመጡበትን ቁርበት በመዳፋቸው መታ ሲያደርጉ፣ ያንን ድፍን ያለ ምት። ከዚያ ዜማው ተነሣ። ደምለው እንደ ልማዱ ከፍ ካለው ጋር ወጣ፤ እንደ ልማዱም እዚያው ሊቀር ተዘጋጀ። ድምፁ ግን ወረደ፣ እርሱም አብሮ ወረደ። ደግሞ ወረደ። እዚያ ሥር ትንሽ ተንቀጠቀጠና ዐረፈ። ደምለው በዚህ ቦታ የኔታ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ዝም የሚሉ ይመስለው ነበር። ዝም አላሉም ነበር። ያን ጊዜ ሁሉ ዝም ብለው አያውቁም።

"ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?" አለች የኔአለም።

"አለ! አለ እኮ!" ብሎ ጮኸ። የራሱን ጩኸት ስላልሰማው ምን ያህል እንደ ጮኸ አላወቀም፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደምለው እየሰፋ ያዜም ጀመር። ቀስ ብሎ፣ የየኔታን ድምፅ እግር በእግር እየተከተለ። ቤትም ሲገባ አያቆምም። ጥሩብርሃን መጀመሪያ ደስ አላት፤ ከዚያ ገረማት፤ ከዚያ ከፋት።

"ስንት ዘመን አብረን ኖርን፣ ድምፅህን ዛሬ መስማቴ ነው" አለችው አንድ ቀን ምሳ ስታቀርብ። አልሰማትም። ጎንበስ ብላ ስፖንጇን ከጆሮው ነቀለቻት። "ድሮ ግማሽ ጆሮ ነበረህ። አሁን እርሱንም የኔታህ ወሰዱብኝ።"

ደምለው ሣቀ። እርሷ አልሣቀችም።

"እውነቴን ነው። ልጆቹ ይጠሩሃል፣ አትሰማም። የደንበኛህን ካባ አንዱን እጅጌ ገልብጠህ ሰፋህ። እኔ እኮ ይኸን ያህል ነገር ውስጥህ እንዳለ አላውቅም ነበር። ለምን ሳትነግረኝ ኖርክ?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? የሌለኝን ነገር?"

ጥሩብርሃን ስፖንጇን በጣቶቿ እየጨፈለቀች፣ ስታብጥ እያየች ቆየች። "ሂድና እያቸው" አለች በመጨረሻ። "ልብህ ሄዶ አካልህ ቢቀር ለእኔ ምን ይረባኛል? ሂድ። ብቻ አትቅር።"

ደውሎ ይስማውን ሊጠይቅ ይችል ነበር። አልደወለም። "ና" ቢሉት ይፈራል፣ "አትምጣ" ቢሉት ይብስበታል። ጥምቀት እንዳለፈ ተነሣ። የኔአለም መንገድ ላይ እንዳይቸገር ብላ የተለያየ ልክ ያላቸው ጎማዎች በትንሽ ላስቲክ ቋጥራ ሰጠችው። ደጀን ወረደ፣ ቢቸና ወረደ፣ ደብረ ወርቅ ደረሰና የቀረውን በእግሩ ሄደ። አጨዳው አልቆ ማሳው ራቁቱን ነው፤ አውድማ ላይ ጭድ ይነፍሳል። በመንገዱ ሁሉ ለየኔታ የሚለውን ሲያሰናዳ ሄደ። "ጆሮዬ ዳነ" ሊላቸው ነው። ውሸት ይሆን? ትንሽ ውሸት ነው። እንደገና ፊታቸው ቢቀመጥ፣ እርሳቸው ቢሉለት፣ እርሱ ቢቀበል፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ወርዶ ቢያሳያቸው።

ጉባኤ ቤቱ ሲደርስ በመምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያገኘው ይስማውን ነው። ይስማው ሲያየው ከወንበሩ ተነሣ፤ ተሳሳሙ።

"ምነው ደውለህ ብትነግረኝ" አለው ይስማው።

"የኔታስ?"

ይስማው በዓይኑ አሳየው። የኔታ ከግድግዳው ሥር፣ ፀሐይ ከሚያርፍበት፣ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። "ካባውን ወስጄ ከተመለስኩ በኋላ ነው ጉሮሯቸውን የጀመራቸው። አዲስ አበባ ወስደን ታከሙ። ነፍሳቸው ተረፈች፣ ድምፃቸው ግን ሄደ። በሹክሹክታ ብቻ ነው የሚናገሩት። ተማሪውን እኔ ይዤላቸዋለሁ።"

ደምለው ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። የኔታ አዩት፣ አወቁት፣ ፊታቸው በራ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ደምለው ምንም አልሰማም። ግራ ጆሮውን አስጠጋ፤ የሞቀ ትንፋሽ ብቻ ነካው።

ይስማው ጎንበስ ብሎ ሰማና ጮክ አድርጎ ነገረው። "'ጆሮህ ዳነ?' ይሉሃል።"

በመንገድ ሲያሰናዳው የመጣው ሁሉ ጠፋው። "አልዳነም፣ የኔታ። ግን ሰማሁዎት" አለ።

የኔታ ድምፅ በሌለው ሣቅ ትከሻቸው ተነቃነቀ። መዳፋቸውን ደምለው ጉልበት ላይ አሳረፉና መታ አደረጉ፤ በል ማለታቸው ነው። ደምለው ዕዝሉን ጀመረ። ከፍ ሲል መዳፋቸው ቀለለ፣ መውረጃው ሲደርስ ቀስ እያለ ከበደ፣ ዐረፈ። አንድ ቦታ ላይ እጃቸው ተነሣች፤ ስቷል። መለሰው። ደግሞ ተነሣች። በሦስተኛው አልተነሣችም። ተማሪዎቹ ከየጎጇቸው ደጃፍ ወጥተው ያዩ ነበር፤ አንገቱን የደፋ አልነበረም።

ደምለው ሲጨርስ ስልኩን አወጣ። "የኔታ፣ እርስዎስ አይሰሙትም?"

የየኔታ ጆሮ ትልቅና ጠጉራም ነው፤ የደምለው ጎማዎች አልያዙለትም። የኔአለም የቋጠረችለትን ላስቲክ ፈትቶ ትልልቆቹን ጎማዎች መረጠ። ሁለቱን ጆሮዎች በየተራ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ አስገባላቸው። ድምፁን ከፈተው።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ከድምፃቸው ጋር እኩል ይሄድ ጀመር፤ መዳፋቸው ቁርበቱን ፈለገች። እስኪያልቅ እንዲሁ ቆዩ። ከዚያ ወደ ይስማው ዞረው አንድ ነገር አሉት። ይስማው ወደ ደምለው ዞረ።

"'ይህ ሰውዬ ደኅና ይላል። ማን ዘንድ ነው የተማረው?' ይላሉ።"

ሁሉም ሣቁ። የኔታ ግን ማዳመጫዋን አልመለሱም። እጃቸውን ዘርግተው እንደገና እንዲከፍትላቸው ጠየቁ፣ ደግሞ እንደገና። በማግስቱም ደምለው ገና ጎጆው ደጃፍ ሲታይ እጃቸው ትዘረጋለች። ያን ጊዜ ደምለው ፊታቸውን ሲያይ የራሱን ፊት ያየ መሰለው። ያ ድምፅ የተወሰደበት እርሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

ሰንበትን ውሎ ሰኞ ሊሄድ ሲል ልቡ እምቢ አለው። ፊታቸው ተንበረከከ።

"የኔታ፣ ልቅር። እንደ ድሮው እዚህ ልሁን።"

ይስማው በመካከላቸው ተቀመጠ። የኔታ በሹክሹክታ፣ እርሱ በጮኸ ድምፅ።

"'ሚስት አለህ?'"

"አለችኝ።"

"'ልጆች?'"

"አሉኝ።"

"'ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?'" ይስማው ጥቂት አዳመጠና ቀጠለ። "'የሰማሃትን ይዘህ ሂድ። ሁሉን ጨርሶ የሄደ ተማሪ የለኝም፤ እኔም አልጨረስኩት' ይሉሃል።"

ደምለው ማዳመጫዋን ከነትልልቆቹ ጎማዎች፣ በይስማው ስልክ እንዲሰሙባት፣ ለየኔታ ትቶላቸው፣ የራሱን ስፖንጅና ያችን ትንሽ ጎማ በመሐረቡ ቋጥሮ ተመለሰ። ቤቱ ሲገባ ጥሩብርሃን መልኩን አየችና ውኃ አመጣችለት። በማግስቱ ከየኔአለም ሌላ ማዳመጫ ወስዶ ጎማዎቹን አጠለቀባት።

የኔታ በሚቀጥለው ነሐሴ ዐረፉ። ይስማው ደውሎ ሲነግረው ማዳመጫዋን ዝናብ አግኝቷት አንዱ ጎኗ እንደ ሞተ፣ የኔታም እስከ መጨረሻው በሌላኛው ያዳምጡ እንደ ነበር አጫወተው። ደምለው ስልኩን ዘግቶ መኪናው ፊት ተቀመጠ። የሚሰፋውን ጨርቅ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ያን ቀን የየኔታን ድምፅ መክፈት አልቻለም፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ አልቻለም።

አሁን ማኅሌት ሲቆም ደምለው ከግድግዳው ጥግ ትቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ከሊቃውንቱ ኋላ፣ ከከበሮው አጠገብ ይቆማል፤ የከበሮው ምት በደረቱ ስለሚገባለት ነው። መሪጌታ አልሆነም፣ አይሆንምም። ዕዝሉ ሲወርድ ዛሬም አይሰማውም፤ ማዳመጫዋ የምታሰማው የተቀዳውን ብቻ ነው። መውረጃውን ከትዝታው አውጥቶ፣ ልክ ይሁን አይሁን ሳያውቅ፣ ብቻውን ወደ ታች ይሄዳል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ጥሩብርሃንን ጠየቃት።

"ከሴቶቹ በኩል ድምፄ ይሰማ ነበር? ወርጄ ነበር?"

"እኔ መውረድና መውጣቱን ምኑን አውቄው?" አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ጥቂት ተራመደች። "ግን ሰው ሁሉ ጨርሶ ዝም ሲል አንተም እኩል ዝም አልክ።"

ደምለው ይህን ነገር ሲያስበው መንገዱ አለቀ። ደስ ብሎታል። ግን ራሱ ቢሰማው ኖሮ ይሻለው ነበር።